የደጋኑ ጀርባ፦ እንጨቱን ከመሰበር ያዳነው ቆዳ



በዚህ ዕትም የታሪክ ዓምዳችን የሚያወራው ስለ ደጋን ነው። ደጋን ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ጥጥ የሚነደፍበት ዕቃ ነው፤ ጎበጥ ያለ እንጨት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተወጠረ ጅማት፣ ከሥሩ እንደ ደመና የሚነፋ ባዘቶ። ይኸው ቅርጽ በዓለም ዙሪያ ለብዙ ሺህ ዓመታት የአደንና የጦር መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። ቀስት የሚለውን ቃል አንዳንዱ ለሚጎብጠው እንጨት፣ አንዳንዱ ደግሞ ለሚወረወረው ዘንግ ስለሚጠቀምበት፣ እንዳንደናገር እዚህ ጽሑፍ ላይ የሚጎብጠውን ደጋን፣ የሚወረወረውን ፍላጻ እንላለን።

ስለ ደጋን የተጻፈው ብዙ ነው። ስለ አዳኙ፣ ስለ ጦረኛው፣ ስለ ዘመቻው ተጽፏል። እኛ የምንጽፈው ግን ብዙ ጊዜ ስለሚዘለለው ክፍሉ፣ በእንጨቱ ጀርባ ላይ ስለሚለጠፈው ጥሬ ቆዳ ነው። የቆዳውን ታሪክ ወደ ኋላ ስንከተል ብዙ ጊዜ የምንደርሰው በሴቶች እጅ ላይ ነው፤ የሴቶቹ ስም ግን በደጋኑ ታሪክ ውስጥ አይገኝም። ማኅበራችን የቆመው የሴቶች ሥራ እንዲቆጠርና ዋጋውን እንዲያገኝ ስለሆነ ነገሩ ይመለከተናል።

ጀርባና ሆድ

ደጋን ሁለት ፊት አለው። ተኳሹ ሲይዘው ወደ እሱ የሚዞረው ፊት ሆድ ይባላል፤ ወደ ታዳኙ የሚዞረው ደግሞ ጀርባ። ጅማቱ ሲሳብ ሆዱ ይጨመቃል፣ ጀርባው ይለጠጣል። እርጥብ ቅርንጫፍ አጉብጦ የሰበረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው በውጭ በኩል ያለው፣ የተለጠጠው ወገን ነው። ደጋንም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ከጀርባው ጀምሮ ነው።

ጀርባው እንዲጸና የእንጨቱ ክሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጡ መሄድ አለባቸው። ስለዚህ ጥሩ ደጋን ሠሪ እንጨቱን ሲጠርብ በግንዱ ውስጥ ካሉት የዕድሜ ቀለበቶች አንዱን መርጦ ያንኑ ብቻ ይከተላል። ቢላው ከዚያ ቀለበት ሾልኮ ቢወርድ ወይም መንገድ ላይ ጉጥ ቢያጋጥመው በዚያ ቦታ ክሩ ይቆረጣል። ደጋኑ በተሳበ ቁጥር የተቆረጠው ክር ጫፉን ብድግ ያደርጋል። አንድ ቀን ስንጥሩ ይነሣና ደጋኑ በተኳሹ እጅ ላይ እንዳለ ይሰበራል።

ተስማሚ እንጨት ያገኙ ሕዝቦች ምንም ሳይለጥፉ ኖረዋል። በዴንማርክ ሆልሜጎር በተባለ ረግረግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1944 የተገኙት ደጋኖች 9,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሲሆኑ ከአንድ ወጥ የኤልም እንጨት የተጠረቡ ናቸው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሜሪ ሮዝ የተባለችው የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1545 ሰጥማ በ1982 ከባሕር ስትወጣ ከ130 በላይ ረጃጅም ደጋኖች ተገኝተዋል። የተሠሩት የው ከሚባል ዛፍ ነው። የዚህ ዛፍ ውጫዊ ነጭ እንጨት መለጠጥን ይችላል፣ ውስጣዊው ቀይ እንጨት ደግሞ መጨመቅን ይችላል። ሠሪው ነጩን በጀርባ፣ ቀዩን በሆድ በኩል አድርጎ ሲጠርበው ዛፉ ራሱ ለራሱ ልባጥ ሰጠው ማለት ነው።

ሁሉም አገር ግን የው አያበቅልም። የሚገኘው እንጨት አጭር፣ ጉጣም ወይም ተሰባሪ በሆነበት ቦታ ሰዎች ሌላ መላ ፈለጉ። መላውም የእንስሳት አካል ሆነ።

ጅማት፣ ቀንድና ጥሬ ቆዳ

በእስያ ሜዳዎች ፈረሰኞች ከእንጨት፣ ከቀንድና ከጅማት የተጣመረ አጭር ደጋን ሠሩ። ቀንዱ በሆድ በኩል ጭመቃውን፣ ጅማቱ በጀርባ በኩል ልጠጣውን ይሸከማል። እንዲህ ዓይነት ጥምር ደጋኖች በጥንታዊት ግብፅም ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1922 በተከፈተው በቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ከተራ የእንጨት ደጋኖች ጋር አብረው ተገኝተዋል። በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት ኢኑይቶች ደግሞ ዛፍ ስለሌላቸው ባሕር ገፍቶ ያመጣውን ደረቅ ግንድ ይጠርቡ ነበር። እንጨቱ ቶሎ የሚሰበር ስለሆነ በጀርባው ላይ የተጎነጎነ የጅማት ገመድ ዘርግተው፣ ያለ ሙጫ፣ ጠፍረው ያስሩታል።

በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ብዙ ነባር ሕዝቦች ጅማትን በክር በክሩ ተርትረው በሙጫ ይለጥፉ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ያሂ የተባለው የካሊፎርኒያ ሕዝብ ነው። ወርቅ ፈላጊዎች ወደ አገሩ ከጎረፉ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሕዝቡ በግድያና በረሃብ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1911 የመጨረሻው ሰው ብቻውን ከተራራ ወርዶ ኦሮቪል ከተማ ዳርቻ ተገኘ። የራሱን ስም ስላልተናገረ አጥኚዎቹ ኢሺ አሉት፤ በእሱ ቋንቋ ሰው ማለት ነው። በሳን ፍራንሲስኮ በዩኒቨርሲቲው ሙዚየም እየኖረ ሳክስተን ፖፕ ለተባለ ሐኪም ደጋን አሠራርን አሳየው። የሚጠቀመው የጥድ ዘመድ የሆነ እንጨት ነበር። የአጋዘን ጅማት አኝኮ እያለሰለሰ፣ ከሳልሞን ዓሣ ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ በጀርባው ላይ ይለጥፈዋል። ኢሺ እ.ኤ.አ. በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1923 ስለ ደጋንና ፍላጻ አደን ባሳተመው መጽሐፍ የራሱን የየው ደጋን አሠራር ገልጿል። በዚያ ጊዜ እሱ በጀርባው ላይ የለጠፈው ጅማት ሳይሆን ስስ የጥጃ ጥሬ ቆዳ ነው። መጽሐፉ በአሜሪካ ደጋንን በእጅ የመሥራት ፍላጎት እንደገና እንዲነሣ ካደረጉት አንዱ በመሆኑ፣ በጥሬ ቆዳ መለበጥ እስከ ዛሬ በእጅ ደጋን በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ይሠራበታል።

የኢሺ ታሪክ ሲነገር የማይነገር አንድ ነገር አለ። እሱ ከመገኘቱ 3 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ ቀያሾች የመጨረሻዎቹን ያሂዎች ሰፈር በድንገት አግኝተውት ነበር። እዚያ በዕድሜ የገፋችና የታመመች ሴት ተኝታ ነበር፤ ሌላ ሴትና አንድ ሽማግሌ ሲሸሹ ታይተዋል። ቀያሾቹ የሰፈሩን ዕቃ ይዘው ሄዱ። አሮጊቷ የኢሺ እናት እንደነበረች ይታመናል፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች፤ የሸሸችው ሴት ዳግመኛ አልታየችም። ኢሺ በሙዚየም ውስጥ ያሳየው የደጋን ሥራ ተጽፎ ተቀምጧል። እነዚያ ሁለት ሴቶች ያውቁት የነበረው ሙያ ግን አብሯቸው ሄደ፤ ስማቸውንም የጻፈው የለም።

አለባበጡ

ጅማትና ጥሬ ቆዳ ሥራቸው አንድ አይደለም። ጅማት ሲሳብ ተለጥጦ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ስለሚመለስ ለደጋኑ ጉልበት ይጨምርለታል። ጥሬ ቆዳ ጉልበት የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ዋና ሥራው መጠበቅ ነው። የእንጨቱን ክሮች ከላይ ተጭኖ ይይዛቸዋል፣ ስንጥር እንዳይነሣ ይከለክላል፣ ከግጭትና ከጭረት ይከላከላል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ያልለፋ ቆዳ ነው። የለፋ ቆዳ ለስላሳና የሚሳብ ስለሆነ እንጨቱን አጥብቆ አይይዝም። ጥሬ ቆዳ ግን ሲነከር እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ቀንድ ይጠነክራል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የጠፍር አልጋ የሚጠፈረው በእርጥብ ጠፍር ነው፤ ሲደርቅ ይወጠርና ትውልድ ይሸከማል። ከበሮም ቆዳው እርጥብ ሳለ ተለብሶ ሲደርቅ ነው ድምፅ የሚያወጣው። የደጋኑም ልባጥ የሚሠራው በዚሁ ጠባይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከቆዳው ነው። የፍየል፣ የጥጃ ወይም የአጋዘን ቆዳ ይመረጣል፤ የበሬ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ የደጋኑን ጫፎች ያከብድና ፍላጻውን ያዘገየዋል። ቆዳው ከታረደው እንስሳ እንደተገፈፈ የቀረው ሥጋና ሥብ በሙሉ ይፋቃል። ሥብ ከቀረበት ሙጫ አይዘውም፣ ይሸታል፣ ይበሰብሳልም። ከዚያ አመድ ወይም ኖራ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይዘፈዘፋል፤ ፀጉሩ ሲላቀቅ ይላጫል። ቆዳው ደጋግሞ ይታጠባል፣ በችካል ወይም በእንጨት ክፈፍ ላይ ይወጠራል፣ በጥላ ይደርቃል። ሲደርቅ ወፍራም የሆነው ቦታ እንደገና እየተፋቀ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይደረጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን እንጨቱ ገና አልተነካም።

ቀጥሎ ከደረቀው ቆዳ ከደጋኑ ስፋት ትንሽ የሚበልጡ ሁለት ረጃጅም ቁራጮች ይቆረጣሉ፤ አንዱ ለላይኛው ክንፍ፣ ሌላው ለታችኛው። ሁለቱ እጀታው ላይ ይገናኛሉ፤ ደጋኑ እጀታው ላይ ብዙ ስለማይጎብጥ መጋጠሚያው በዚያ አይጎዳም። ቁራጮቹ እስኪለሰልሱ በውኃ ይነከራሉ፣ ከዚያ ውኃው እንዳይንጠባጠብ በጨርቅ ይጠረጋሉ።

የእንጨቱ ጀርባ ሙጫ እንዲይዝ ትንሽ ሻካራ እንዲሆን ይፋቃል። ከዚያ በኋላ በእጅ እንኳ አይነካም፤ የእጅ ወዝ ሙጫን ያስለቅቃል። ጥንታዊው ሙጫ ራሱ ከቆዳ የሚወጣ ነው። ከመፋቂያው የተረፈው ቁርጥራጭ ቆዳና ጅማት በዝግታ በእሳት ላይ ሲቀቀል ይቀልጥና ወፍራም መረቅ ይሆናል፤ ተጣርቶ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ሲሞቅ ይፈሳል። በጣም ከፈላ ኃይሉን ያጣል። መጀመሪያ ቀጠን ያለው ሙጫ በእንጨቱ ላይ ይቀባል፤ እንጨቱ ከጠጣው በኋላ ወፈር ያለው ይደገማል። የቆዳው ሥጋ የነበረበት ፊት ወደ እንጨቱ ዞሮ ይለጠፋል፣ ከእጀታው ወደ ጫፉ በጣት እየተዳመጠ የታፈነው አየርና ትርፍ ሙጫ እንዲወጣ ይደረጋል። አየር የቀረበት ቦታ እንዳልተያዘ ይቆጠራል።

ከዚያም ደጋኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጨርቅ ጥብጣብ ይጠቀለላል። ጨርቅ የሚሆንበት ምክንያት ርጥበቱ በውስጡ አልፎ እንዲወጣ ነው። ለጥቂት ቀናት፣ አየሩ ርጥብ ከሆነም ከሳምንት በላይ፣ በጥላ ይቀመጣል። ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ከተቀመጠ ቆዳው እኩል ሳይደርቅ ይኮማተርና ዳሩ ይነሣል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ደጋኑ መሳብ የለበትም። ሲደርቅ ጨርቁ ይፈታል፣ ከዳር የተረፈው ቆዳ በቢላ ይከረከማል፣ ላዩ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ ውኃ እንዳይገባው ሥብ ይቀባል። የቆዳ ሙጫና ጥሬ ቆዳ ሁለቱም ውኃ ይፈራሉና እንዲህ የተለበጠ ደጋን ከዝናብ መጠበቅ አለበት።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ስንቱ የእንጨት፣ ስንቱ የቆዳ እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይቁጠር። ማጣበቁ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቆዳውን ለዚያ ማብቃቱ ግን የቀናት ነው።

ቆዳውን ማን አበቃው?

በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች ደጋን መሥራት የወንዶች ሙያ ነበር። ቆዳ መፋቅ፣ መወጠርና ማልፋት ግን በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነበር። ባይሰን የተባለው የአሜሪካ ጎሽ ከታደነ በኋላ ቆዳው መሬት ላይ በችካል ተወጥሮ ሴቶች ተንበርክከው ይፍቁታል። የድንኳኑ ልብስ፣ የክረምቱ ካባ፣ የጫማው ሶል፣ የጋሻው ቆዳ፣ ደረቅ ሥጋ የሚቀመጥበት ከጥሬ ቆዳ የተሠራ ሥዕል ያለው ማኅደር፣ ሁሉም ከዚያ ይወጣል።

እነዚህ ሴቶች ሥራቸው እንዲሁ እንዲረሳ አልፈቀዱም። የላኮታ ሴቶች የቆዳ መፋቂያ እጀታ ከኤልክ ቀንድ የተሠራ ነበር፤ ሴቲቱ ቆዳ ባለፋች ቁጥር በእጀታው ላይ ነጥብ ትቀርጻለች። በሙዚየም የተቀመጡት እጀታዎች ላይ እነዚህ ረድፍ ነጥቦች ዛሬም ይታያሉ። በሻየን ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ካባን በጃርት ወስፌ የሚያስጌጡ ሴቶች የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። ማኅበሩ ሥርዓት አለው፣ ግብዣ አለው፣ አዲስ ገቢን የሚያስተምሩ ታላላቆች አሉት። ሴቶቹ ተሰብስበው እያንዳንዷ የሠራችውን ካባ ትቆጥራለች፤ ይህም ጦረኛው በአደባባይ ጀብዱውን እንደሚቆጥረው ያለ ክብር ነበረው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባይሰን ካባ ትልቅ የንግድ ሸቀጥ ሆነ። በሚዙሪ ወንዝ የሚመላለሱ መርከቦች ካባ እየጫኑ ወደ ምሥራቅ ወሰዱ። ነጋዴው የሚገዛው የለፋ ካባ ስለሆነ ወንዱ የፈለገውን ያህል ቢያድን፣ ሴት ካላለፋችው ቆዳው አይሸጥም። ንግዱ በጨመረ መጠን የሴቶቹ ሸክም ጨመረ። ጠመንጃውና ፈረሱ ግን በአብዛኛው ወደ ወንዱ እጅ ገባ። ከ1870ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ፋብሪካዎች ጥሬውን የባይሰን ቆዳ በኬሚካል አልፍተው የማሽን ቀበቶ ማድረግ ቻሉ። ያኔ የሴቶቹ እጅ ለገበያው አላስፈለገም። ቆዳ አዳኞች በባቡር እየመጡ መንጋውን ጨረሱት። በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር የነበረው ባይሰን በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ 1,000 ገደማ ብቻ ቀረ። የሴቶቹ ሙያም፣ የሕዝቡ ምግብም አብሮ ጠፋ።

የኮንሶ ሴቶች ድንጋይ

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህን ታሪክ በሌላ በኩል የሚያበራ ምስክር እናገኛለን። እንጨትና ቆዳ በመሬት ውስጥ ሲቆዩ ይበሰብሳሉ፤ ድንጋይ ግን ይቀራል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በጥንታዊ ሰፈሮች ላይ በብዛት የሚያገኙት ከድንጋይ የተጠረበ የቆዳ መፋቂያ ነው። ድንጋዩ የማንን እጅ እንዳየ አይናገርም። ለረጅም ጊዜ ግን በብዙ መጻሕፍትና ሥዕሎች ላይ ድንጋይ ጠራቢው ወንድ ተደርጎ ተወስዷል።

በደቡብ ኢትዮጵያ በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁት ሴቶች ናቸው። መፋቂያቸውም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ድንጋይ ነው። ተስማሚውን ድንጋይ ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ራሳቸው ይጠርቡታል፣ በእጀታ ላይ ያጸኑታል፣ ሲደንዝ መልሰው ይስሉታል። ሙያውን የሚማሩት ከእናቶቻቸውና ከታላላቆቻቸው ሲሆን እጅ እስኪበስል ብዙ ዓመት ይፈጃል። ካትሪን አርተር የተባሉ ተመራማሪ ከእነዚህ ሴቶች ጋር ሠርተው ያሳተሙት ጥናት ድንጋይ ጠራቢ ሁሉ ወንድ ነው የሚለውን ልማድ በይፋ ሞግቷል። ከኮንሶ ሴቶች የተገኘው ትምህርት ዛሬ በዓለም ዙሪያ የድንጋይ ዘመንን የሚያጠኑ ሰዎች የሚጠቅሱት ሆኗል።

እነዚህ ሴቶች በሰፈራቸው የነበራቸው ቦታ ግን ከዕውቀታቸው ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በኮንሶ ቆዳ ፋቂዎች ከሸክላ ሠሪዎችና ከብረት ሠሪዎች ጋር ከገበሬው ተለይተው የሚታዩ፣ መሬት ያልነበራቸው ወገን ነበሩ። በሌላውም አካባቢያችን ከዚህ የራቀ አልነበረም። ፋቂ የሚለው ቃል ሥራ ከመግለጽ አልፎ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሙያተኞችን በሥራቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ስላዩ ነው። ሰው በጀንዲ ላይ እየተኛ፣ በብራና የተጻፈ መጽሐፍ እየተሳለመ፣ የቆዳ ጋሻ እየያዘ፣ ቆዳውን የፋቀውን ይንቅ ነበር።

አማርኛችን ግን እውነቱን ያውቃል። ቆዳ ይለፋል፤ ሰውም ይለፋል። ቃሉ አንድ ነው። ልፋት ሲባል በጀርባው ያለው ምስል እጅ ያሸው፣ ጉልበት የረገጠው ቆዳ ነው።

ይህ ለእኛ ምን ይለናል?

ደጋኑን በሙዚየም መስታወት ውስጥ ያየ ሰው የሚያነበው የእንጨቱን ዓይነትና የተሠራበትን ሕዝብ ስም ነው። ደጋን ሠሪው ስሙ ባይጻፍ እንኳ ወንድ እንደሆነ፣ አዳኝ እንደሆነ ይገመታል። በጀርባው ላይ ያለውን ቆዳ የፋቀው ሰው ግን በግምት ውስጥም አይገባም። ቆዳው ግን በተሳበ ቁጥር ሸክሙን ይዞ የቆየው እሱ ነው።

በእኛም ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ ጀርባ አለ። ነጠላ ሲሸጥ የሚጠየቀው ሸማኔው ማን እንደሆነ ነው። ከሸማኔው በፊት ግን ጥጡን የዳመጠች፣ በደጋን የነደፈች፣ አመልማሎ ያደረገች፣ በእንዝርት የፈተለች ሴት አለች። የፈትሉ ጥንካሬ የሷ ነው። ሸማኔው በአንድ ቀን የሚሸምነውን ማግ ለማቅረብ እሷ ስንት ቀን እንደተቀመጠች የሚጽፍ መዝገብ የለም። ስፌትም ሲሸጥ ከሰፊዋ በፊት አክርማውን የቆረጠች፣ ያደረቀች፣ ቀለም የነከረች አለች።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ሦስት ነገር እንድንነጋገርበት እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ከተጠናቀቀው ዕቃ ሠሪ ስም ጎን የዝግጅቱን ሥራ የሠራችው ሴት ስምና የፈጀባት ቀን ይጻፍ። የላኮታ ሴቶች ወረቀት ሳይኖራቸው በቀንድ ላይ ቆጥረዋል፤ እኛ ደብተርና እስክሪብቶ አለን።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ሲሸጥ የዋጋው ክፍፍል በዚያ መዝገብ መሠረት ይሁን። የዝግጅት ሥራ እንደ ቤት ውስጥ እርዳታ ተቆጥሮ በነፃ መታለፉ ይቅር። ይህን ስንል ዋጋው ለገዢ ትንሽ ከፍ ሊል እንደሚችል እናውቃለን። ለደጋፊዎቻችን የምንለው ቢኖር፣ ጭማሪው የሚሄደው እስከ ዛሬ ምንም ወዳልደረሳት እጅ መሆኑን ነው።

ሦስተኛ፣ በዕድሜ የገፉ እናቶቻችን የሚያውቁትን የቆዳ፣ የጥጥና የአክርማ አዘገጃጀት ወጣት አባሎቻችን በቃል ጠይቀው ይጻፉ። ስንት ቀን እንደሚዘፈዘፍ፣ በምን እንደሚፋቅ፣ በየት ጥላ እንደሚደርቅ፣ ሲበላሽ በምን እንደሚታወቅ በዝርዝር ይጻፍ። የተናጋሪዋ ፈቃድ ካለ ስሟም በጽሑፉ ራስጌ ላይ ይቀመጥ። የያሂ ሴቶች ዕውቀት የጠፋው የሚጠይቃቸው ሰው ሳይመጣ በመሞታቸው ነው። የእኛ እናቶች ግን ዛሬም በየሳምንቱ አጠገባችን ይቀመጣሉ።

ሐሳብ ያላችሁ አባላት ከስብሰባው በፊት ለጸሐፊዋ በቃልም በጽሑፍም ማድረስ ትችላላችሁ። መጻፍ የማይችሉ እናቶች ቢኖሩ አጠገባቸው ያለች አባል ትጻፍላቸው፤ ከሥሩም የሐሳቡን ባለቤት ስም ማስፈር አትርሳ።